መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ

ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት እንዳይበር የምጭንበት አንድ ነገር አለ። ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ያነሳውና "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" ይላል። ቅርጽ የለውም። በአንድ በኩል ልስልስ ያለ ነው፤ በሌላ በኩል የጭቃ ወለል የታተመበት ሻካራ። ከመሃሉ የሻይ ማንኪያ እጀታ ብቅ ብሏል። ማንኪያው አይወጣም፤ ሞክሬያለሁ።

ሦስት ድስትና አንድ ክዳን ነበር።

ለሚጠይቀኝ ሰው "ከእሳት አደጋ የተረፈ ነው" ብዬ ወሬውን አሳጥረዋለሁ። ማንም አይገፋበትም። ዛሬ ግን ሙሉውን ልጽፈው ነው። ግቢው በ2016ቱ ፈረሳ ሄዷል፤ ጎረቤቱ ተበትኗል፤ ነገሩን በዓይናቸው ካዩት ሁለቱ ሞተዋል። እኔ ደግሞ ከ14 ዓመት በላይ ከአንድ ጥያቄ ስሸሽ ኖሬያለሁ።

ግቢያችን ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም አይርቅም ነበር። ፒያሳን የሚያውቅ ዓይነቱን ያውቀዋል። ስድስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ፣ ስለ ቆጣሪው የማያልቅ ጭቅጭቅ። ጥግ ላይ ባለችው ክፍል እማማ ይኖሩ ነበር። ስም አላቸው፤ ግን በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። እማማ ብቻ። ክፍላቸው አራት በአራት ብትሆን ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ በር፣ አንድ የእንጨት መስኮት።

ሐምሌ 2003 ነው። መብራት ጠፍቷል። ቀኑን ሙሉ ሲወርድ የዋለው ዝናብ ወደ ማታ ካፊያ ሆኗል። እማማ ታችኛው ቅያስ ለቅሶ ሊደርሱ ወጥተዋል። ሥዕሏ ሥር ጧፍ ለኩሰው እንደነበር በኋላ ራሳቸው ተናገሩ። የዚያን ጊዜ ግን ማንም አያውቅም። ያወቅነው የጎረቤት ልጅ "እሳት! እሳት!" ብላ ስትጮህ ነው።

ስወጣ ከእማማ ግድግዳና ጣሪያ መሃል ጭስ ይወጣል። ጥቁር አይደለም። ግራጫ ሆኖ ቢጫ ያጠላበት፣ ወፍራም ጭስ። በሩ ጓጉንቸር ተቆልፎበታል። መስኮቱ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በስንጥቁ አጮልቄ አየሁ። መጀመሪያ ምንም። ዓይኔ ሲለምድ ከፍራሹ ጥግ አንዲት ቀይ ነገር አየሁ። ነበልባል ለማለት እንኳ ይከብዳል። ደብዛዛ፣ ብልጭ ድርግም የምትል፣ ልትሞት የደረሰች።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት ትዝ ይለኛል፤ ጮክ ብዬ ስለተናገርኩት። "ትንሽ ናት! አንድ ባልዲ ይበቃታል!" አልኩ። 19 ዓመቴ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እየተባለ ያደገ ልጅ ሌላ ምን ይላል?

ዲጂኖ ከየት እንዳመጣሁ አላስታውስም። መስኮቱ በሁለተኛው ምት ተገነጠለ። ባልዲ አቀበሉኝ፣ ወረወርኩ። ውሃው ፍራሹ ላይ ይድረስ አይድረስ አላየሁም። ሰከንዶች አለፉ። ምንም የለም። ጭሱ በመስኮቱ ላይኛው ግማሽ እየተንከባለለ ይወጣል። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ቢያንስ ጭሱ ወጣ ብዬ።

ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። በላይኛው ግማሽ የሚወጣው ጭስ በታችኛው በኩል ወደ ውስጥ ይመለሳል። ወጣ፣ ገባ። ወጣ፣ ገባ። ቤቱ ይተነፍስ ነበር። ፊቴን ሲለበልበኝ የነበረው ሙቀት ቀነሰ። ከጀርባዬ ንፋስ መጥቶ ሸሚዜን ወደ መስኮቱ ገፋው። ይሄ ንፋስ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። ሐምሌ ነው፤ ይነፍሳል።

"ዞር በል!" ብሎ በክንዴ የጎተተኝ ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ድምፁ የፍንዳታ አልነበረም። ትልቅ የድንኳን ሸራ በአንዴ ሲዘረጋ እንደሚሰማው ነው። ቡፍ! መስኮቱ ሙሉ በሙሉ እሳት ሆነ። ነበልባሉ ከመስኮቱ ወጥቶ ቆርቆሮውን ላሰ። ቅንድቤ ያን ጊዜ ነው የሄደው። ከዚያ በኋላ ቤቱ አጠገብ መቅረብ አልተቻለም። አምስት ሜትር ርቆ እንኳ ፊት መመለስ ግድ ነበር።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። የጀሪካን ሰልፍ፣ አፈር በአካፋ፣ 939 ላይ የሚደውል፣ ዕቃውን የሚያወጣ፣ ልጁን የሚፈልግ። የእሳት አደጋ መኪና መጣ፤ ቅያሱ ጠባብ ስለሆነ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ቱቦ እየጎተቱ ገቡ። የጎን ቤቶቹ ተረፉ። ሰው አልተጎዳም። የእማማ ቤት ግን ከነነፍሱ ሄደ።

ማነው የከፈተው?

እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ከእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አንዱ፣ ሸምገል ያለ ሰው፣ ቱቦውን እየጠቀለለ ቆም አለ። መሬት የወደቀውን የመስኮት መዝጊያ አየው። ዲጂኖውን አየው። "ማነው መስኮቱን የከፈተው?" አለ።

እንደ ክስ አልነበረም። ሜካኒክ መኪናህን ከፍቶ "ይሄን ማነው የነካካው?" እንደሚልህ ዓይነት ነው።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሁሉም አይቶኛል። ባልዲውን ያቀበለችኝ የገዛ እህቴ ናት። ማንም ቃል አልተነፈሰም። ሰውዬው ትንሽ ጠብቆ ራሱን ነቀነቀና ቱቦውን ይዞ ሄደ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እውነት ነው፤ አልነቀዘም። እንዳለ ነው የተቀመጠው።

በማግስቱ ጠዋት አመዱን ስንበረብር የማልጠብቃቸውን ነገሮች አየሁ። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አንገቷን ደፍታለች። አልተሰበረችም። ለሰላምታ እንዳጎነበሰ ሰው ተጣጥፋ ቀርታለች። የድስቶቹን ጉዳይ ነግሬያችኋለሁ። የናስ ሳህናቸው በአንድ ጎኑ ጠርዙ እንደ ሰም ወርዷል። የጭቃው ግድግዳ በውስጥ በኩል ቀልቷል፤ ጡብ ሆኗል። ጣቴን ሳሳርፍበት አልተፈረፈረም።

ጀበናዋ ግን አለች። አመድ ውስጥ በጎኗ ተኝታለች። እማማ አነሷት። በነጠላቸው ጠረጓት። ከዚያ ጆሯቸው ሥር አስጠግተው በጣታቸው ኳ፣ ኳ አደረጓት። ጤነኛ ድምፅ ሰጠች። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሱት።

እሳት ካየው ምን ለየው ይላሉ። ያን ቀን ጠዋት ግን እሳት ያየው ሁሉ አንድ በአንድ ተለይቶ ነበር።

የወርቅ ሠሪው ትምህርት

እኔን የከነከነኝ ድስቱ ነው። እናቴ ያንኑ ዓይነት ድስት 20 ዓመት ከሰል ላይ ጥዳለች። ጠርዙ ይጣመማል፣ ቂጡ ይጠቁራል፣ ግን ቀልጦ አያውቅም። እኔ ያየኋት እሳት ደግሞ ከማንደጃ እሳት ታንስ ነበር። ታዲያ ማን አቀለጠው?

ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። የጓደኛዬ አባት ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ቁራጩንና የናስ ሳህኑን ይዤ ሄድኩ። የሳህኑን ነገር እማማን ስጠይቃቸው "ለምን ይሆነኛል? ውሰደው" ብለውኝ ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አገላበጡት።

"ይሄ አሉሚኒየም ነው። ቶሎ ይሰጣል፤ እሱ አይደንቀኝም" አሉ። ሳህኑን አነሱ። "ይሄኛው ግን ናስ ነው። ናስ ሊፈስ ከደረሰ ወርቅም ብዙ አልቀረው።" ማንኪያዋን በጥፍራቸው ነካኳት። "እሷ ደግሞ እምቢ ብላለች።"

ቁጥሩን በኋላ ፈልጌ አገኘሁት። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል። ናስ እንደ ቅይጡ 900 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ወርቅ 1,064፣ መዳብ 1,085። የማይዝገው ማንኪያ ግን ከ1,400 አካባቢ በፊት አይነቃነቅም። ጋሼ ያለ ምንም መለኪያ የእማማን ቤት ሙቀት ከሁለት ዕቃ አነበቡት። ወደ 900 ዲግሪ ደርሷል። በአንዲት ጧፍ።

ድስቱ ለምን ከሰል ላይ እንደማይቀልጥም እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። "ወጥ አለበታ!" አሉ። ውስጡ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱን ውሃው ይጠጣዋል። ባዶውን ጥደህ ብታራግበው እሱም ይሄዳል።

ከዚያ ያሳዩኝን አልረሳውም። አሁን የሚሠሩት በጋዝ ነው። ግን ጥግ ላይ የድሮ የከሰል ምድጃ አላቸው፤ ከአባታቸው የወረሱት። ሦስት አራት ከሰል አያያዙ። ደብዘዝ ያለ ቀይ ሆነ። "እጅህን አስጠጋ" አሉኝ። አስጠጋሁ፤ ይቻላል። ቀጭን ቱቦ አፋቸው ላይ አድርገው መንፋት ጀመሩ። ቀይ የነበረው ብርቱካናማ ሆነ። ጉንጫቸው ተነፍቶ ቀረ፤ በአፍንጫቸው እየሳቡ ሳያቋርጡ ነፉ። ብርቱካናማው ቢጫ ሆነ። ቢጫው ሊነጣ ደረሰ። እጄን ሳላስበው ሰበሰብኩ።

ቱቦውን አወጡና አፋቸውን ጠረጉ።

"ከሰል ጨመርኩ?"

"አልጨመሩም።"

"ምን ጨመርኩ?"

"ንፋስ።"

"እህ!" አሉ፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ያለቀ ይመስል። ለእኔ ግን አላለቀም። ሸሚዜን ከኋላ የገፋው ንፋስ ትዝ አለኝ። ሐምሌ ስለሆነ አልነበረም የነፈሰው። ቤቱ ነበር የሚስበው። ወናፉን የተከልኩለት እኔ ነኝ።

ልነግራቸው አፌ ደርሶ ነበር። ቡና መጣና ቀረ።

የሚገርመው ይሄን ለመማር ወርቅ ቤት መሄድ አያስፈልግም ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ ማራገቢያ ይዞ ከሰል ያላራገበ ማነው? "በደንብ አራግበው፣ እንዲፋጅ" እየተባልኩ ነው ያደግኩት። እጄ ያውቀዋል። መስኮቱ ፊት ስቆም ግን ጭንቅላቴ ያየው ጭስ ብቻ ነው። ጭስ ደግሞ ሰው ቤት ሲሞላ ምን እናደርጋለን? እንከፍታለን። ሁሌም እንከፍታለን።

ማዳበሪያ፣ ስፖንጅ፣ ማርጋሪን

ንፋሱ ግን ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ ያገኘሁት ሌሊት ሌሊት እያነበብኩ ነው። ጥፋተኛ የሆነ ሰው ብዙ ያነባል።

የእማማን ክፍል በሐሳቤ መልሼ ዕቃ ሞላሁት። ፍራሹ ስፖንጅ ነው። ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው፤ ተተርትሮ ተሰፍቶ ከጣሪያው ሥር የተወጠረ። ውሃ ስለሚጠፋ ሰባት ጀሪካን አላቸው፤ አምስቱ የዚያን ቀን ባዶ ነበሩ። የፕላስቲክ ወንበር፣ የፕላስቲክ አበባ፣ የናይለን መጋረጃ። እኔ በስንጥቁ ሳይ ያየሁት የጭቃ ቤት ነው። የጭቃ ቤት ምን ይነዳል? ማገርና ጭድ። ውስጡ የነበረው ግን ሌላ ነው። ጀሪካንና ማዳበሪያ የሚሠሩበት ፕላስቲክ የነዳጅ ልጅ ነው። አንዱ ኪሎ ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት ከአንድ ኪሎ ቤንዚን ጋር ይቀራረባል። ከደረቅ እንጨት ጋር ስታወዳድሩት ከእጥፍ በላይ ነው። ባዶ ጀሪካን ደርድሮ መተኛት ምን እንደሆነ እስቲ አስቡት። እኔም አሁን እየጻፍኩ ቀና ብዬ የራሴን በረንዳ አየሁ። አራት ናቸው።

ዩኤል የሚባል የአሜሪካ የፍተሻ ድርጅት ያደረገው አንድ ሙከራ አለ። ሁለት እኩል የሆኑ ሳሎኖች ሠሩ። አንዱን በድሮ ዓይነት ዕቃ ሞሉት፤ እንጨት፣ ጥጥ። ሌላውን በዛሬ ዓይነት፤ ስፖንጅ፣ ፕላስቲክ፣ ሰው ሠራሽ ጨርቅ። ሁለቱም ሶፋ ላይ አንድ አንድ የበራ ሻማ አኖሩ። የዛሬው ሳሎን በ3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሙሉ ለሙሉ ተያያዘ። የድሮው 29 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ፈጀበት።

ይሄን ሳነብ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ተነሳሁ። ሻማ። እነሱም በሻማ።

"ሙሉ ለሙሉ ተያያዘ" ሲባል እሳቱ ከዕቃ ወደ ዕቃ ተሻገረ ማለት አይደለም። ጭሱ ኮርኒስ ሥር ይከማቻል። ይግላል። 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከላይ ወደ ታች ሙቀት ያዘንባል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በአንዴ ይነሳል። የእማማ ቤት ግን ተዘግቶ ስለነበር እዚያ አልደረሰም። አየሩን ጨርሶ ነበር። ዕቃው ሙቀቱን እየጠጣ ይጨሳል፤ የሚጨሰው ግን አይነድም፤ የሚያነደው አየር የለማ። ያ ቢጫ ያጠላበት ጭስ ያልነደደ እሳት ነበር። ክፍሉን ከወለል እስከ ጣሪያ ሞልቶ የሚጠብቅ። እኔ ደብዛዛዋን ቀይ አይቼ "ትንሽ ናት" ያልኩት፣ እሳቱ የቀረው ያ ብቻ መስሎኝ ነው። እሳቱ ፊቴ ላይ እየተንከባለለ ይወጣ ነበር።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ዲጂኖዬ ውሻ ነበረች።

እና ደግሞ ቤቱ ራሱ። ደመራ አስቡ። መስቀል አደባባይ ያን የሚያህል እንጨት ሲነድ ሰው ዙሪያውን ቆሞ ይዘምራል። አየሩን እንደልቡ ይወስዳል፤ ሙቀቱንም ወደ ሰማይ ይለቀዋል። የእማማ ክፍል ግን የጭቃ ግድግዳ ነው። ጭቃ ሙቀት አያስወጣም። የገባውን ይይዛል፣ መልሶ ይሰጣል። ምጣድ በሸክላ የሚሠራው፣ የዳቦ ምድጃ በጭቃ የሚለሰነው ለዚህ አይደል? ያ ክፍል ዳቦ መጋገሪያ ነበር። መስኮቱ ሲከፈት ደግሞ አፍ አገኘ። የቀላው ግድግዳ ከዚህ ነው።

ይሄ በእኛ የድሃ ቤት ብቻ የሚሆን መስሎኝ ነበር፤ እንዳልሆነ ያወቅኩት ስለ ሞን ብላን ዋሻ ሳነብ ነው። ፈረንሳይንና ጣሊያንን የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ነው፤ ከ11 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ ከባድ መኪና መሃሉ ላይ እሳት ተነሳበት። 39 ሰው ሞተ። እሳቱ ከሁለት ቀን በላይ ነደደ፤ ሙቀቱ ወደ 1,000 ዲግሪ ደረሰ። መኪናው የጫነው ነዳጅ አይደለም፤ ፈንጂም አይደለም። ዱቄትና ማርጋሪን ነው። ዳቦ ላይ የምንቀባው ማርጋሪን። አደገኛ ጭነት የሚል ምልክት የሚለጠፍበት ነገር አይደለም። ግን ቅባት ነው፤ ሲቀልጥ እንደ ነዳጅ ይፈሳል፣ እንደ ነዳጅ ይነዳል። ዋሻው ደግሞ ሙቀቱን የሚለቅበት ሰማይ የለውም። የእማማ ቤት ነው፤ ርዝመቱ ብቻ ይለያል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ኖርዌይ ውስጥ ሩነሃማር በሚባል የተተወ ዋሻ ሙከራ ተደረገ። የእንጨትና የፕላስቲክ ርብራብ፣ የቤት ዕቃ፤ ተራ የከባድ መኪና ጭነት ጭነው አቃጠሉ። እስከዚያ ድረስ ዋሻ የሚሠሩ መሐንዲሶች ለእንዲህ ያለ ጭነት የሚገምቱት እሳት ከ20 እስከ 30 ሜጋዋት ነበር። የለኩት ከ200 አለፈ። ሙቀቱ ከ1,300 ዲግሪ በላይ። ሥራቸው ይሄ የሆነ፣ ስንት ዓመት የተማሩ ሰዎች እጥፍ ሳይሆን ከስድስት እጥፍ በላይ ተሳሳቱ። እኔ ካፊያ ላይ ቆሜ በስንጥቅ አይቼ ነው የገመትኩት። ይህቺን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርኳት አልቆጥርም። ትንሽ ታስተኛለች።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ እንደ ሁሉም ሰው ስልኬ ላይ አፍጥጬ አመሸሁ። ሰው ስለ ሰማዩ መቅላት ያወራል። እኔ የማየው የተቆለለውን ጨርቅና የተጠጋጋውን ሱቅ ነበር። ውስጡ ያለው ዕቃ ከምን እንደተሠራ ነው የማስበው። አብሮኝ የነበረ ጓደኛዬ "ምን ሆንክ?" አለኝ። ምንም አልኩ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ካልጻፍኩት ውሸት ይሆናል። መስኮቱን ባልከፍተውስ? ያችን ቀይ ነገር ጭሱ አፍኖ ይገድላት ነበር ወይ? አንዳንድ ሌሊት አዎ እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ግድግዳውና ጣሪያው መሃል የነበረው ክፍተት ትዝ ይለኛል። በዚያ በኩል ትንሽ ትንሽ ትተነፍስ ነበር። ቀስ ብላ ኮርኒሱን በልታ ራሷ መውጫ ታበጅ ነበር ይሆናል። የእሳት አደጋ ሰዎችም ቢሆኑ ይከፍታሉ። ልዩነቱ እነሱ ሲከፍቱ ቱቦው ውሃ ሞልቶ፣ ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ነው። እኔ የነበረኝ አንድ ባልዲ ነው። ሒሳቡን ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ በየጊዜው ሌላ መልስ ይወጣል።

ሦስተኛ ፎቅ

ሰፈሩ ሲፈርስ እማማ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ሦስተኛ ፎቅ። ከቃጠሎው በኋላ እድሩና ጎረቤቱ ተረባርቦ መልሶ ያቆመላት ክፍል አሁን አስፋልት ሆናለች ወይም ሣር፤ የቱ ጋ እንደነበረች በትክክል ማሳየት አልችልም።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ደረጃው አድክሞኝ ገባሁ። ሰማንያ አልፏቸዋል። "አንተ ልጅ፣ ከሳህ" አሉኝ፤ አልከሳሁም። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ደረጃው፣ አራዳ ጊዮርጊስ ለመሳለም ሦስት ታክሲ እንደሚያስፈልግ አወሩ። ጀሪካኖቹ ሻወር ቤት ተደርድረዋል። አዲስ ሥዕል ግድግዳው ላይ አለች፤ ሥሯ በባትሪ የሚሠራ መብራት ይበራል። የልጅ ልጃቸው ናት የገዛችላቸው።

ቡናው በረንዳ ላይ ነው የሚፈላው። ማንደጃው መጣ። ጀበናዋም መጣች። ያችው ናት። አፏ ላይ ካለችው ጭረት አውቃታለሁ፤ ጭረቷ ከእሳቱ በፊትም ነበረች።

ከሰሉ እርጥበት ነክቶታል መሰለኝ አልያያዝ አለ። ጥግ ጥጉ ብቻ ደብዘዝ ብሎ ቀልቷል። እማማ አጎንብሰው እፍ እፍ አሉ፤ ደከማቸው። ማራገቢያውን ወደ እኔ ዘረጉት።

"እንካ፣ አንተ አራግበው።"

"እኔ?"

"አንተ ነሃ። ንፋስ መስጠት ታውቅበት የለ?"

ማራገቢያው እጄ ላይ ቀረ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ስኒ እየደረደሩ ነው፤ አያዩኝም። የከንፈራቸው ጥግ ግን ተነስቷል።

"እማማ... ያን ቀን መስኮቱን እኮ..."

"አራግበው እንጂ! ቡናው እስኪመሽ ነው?"

ማራገብ ጀመርኩ። መጀመሪያ አመዱ ተነሳ። ከዚያ ቀዩ ተስፋፋ። ብርቱካናማ ሆነ። እጄ ሳይታወቀኝ ፈጠነ፤ ፍንጣሪው ወደ በረንዳው ብረት ዘለለ።

"ቀስ! ቀስ በል!" አሉ፤ ጀበናዋን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ከእሳቱ እያራቁ። "አሁን ደግሞ ይቺን ልታቀልጥብኝ ነው?"